በአልቶ የቀናው ሰው

በባልከርን ከተማ የማያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ የዱጋልድ ሪቺ እጅ ነክቶታል ማለት ነው። የሚያንጠባጥብም ካለ እንደዚያው፤ ዱጋልድ የተቀየመው ሰው ቤት ሲሠራ ትንሽ ጠብታ ትቶ መውጣት ይወዳል። ይህን የማውቀው ጎረቤቱ ስለሆንኩ ነው። የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው፤ ሲያስነጥሰው "ይማርህ" የምለው ከራሴ ወጥ ቤት ሆኜ ነው።

ቧንቧ የሳምንቱ ሥራው ነው። እሁድ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ በሁለት እጁ አቅፎ፣ ከመጋቢያችን ከመጋቢ ሊንሲ ፊት ፊት እየተራመደ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ሕዝቡ ብድግ ይላል። እሱ ደረጃውን ወጥቶ መጽሐፉን መስበኪያው ላይ ያኖራል፣ ገልጦት ይወርዳል፤ መጋቢዋ ሲወጡ የመስበኪያውን በር ከኋላቸው ይዘጋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከመጽሐፉ ቀድሞ የሚገባ የለም። "ንጉሡም ቢመጡ ከኋላዬ ነው" ይላል ዱጋልድ፣ ንጉሡ በር ላይ ቆመው ፈቃድ የጠየቁት ይመስል።

አንድ ነገር ግን አይሆንለትም፤ መዝሙር። ልጅ ሳለ አስተማሪው "አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ" አለችው፤ እሱም እስከ ዛሬ ያንቀሳቅሳል። ሚስቱ ኢሽቤል ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። ሲጋቡ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ነበረች፤ አልቶ የሚባለውን ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ ትዘምር ነበር። ከላይ የሚጮኹትን ሁሉም ሰው ይሰማቸዋል። አልቶ ግን ከሥር ነው፤ መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። ከጊዜ በኋላ አንዱ ሲሞት ሌላው ሲያረጅ መዘምራኑ ተበተኑ፤ ኢሽቤልም ወርዳ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። ሁላችንም አዘንን። የዚያን እሁድ ፊቱ እንደ ሙሽራ ሲያበራ የዋለው ዱጋልድ ብቻ ነበር።

ለምን እንደሆነ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሚስቱ ስትዘምር እሱ የማይገባበት ቦታ ትሄድ ነበር። አጠገቡ ከተቀመጠች ወዲህ ግን በየሳምንቱ አንድ ነገር አብረው ያሰማሉ፤ "አባታችን ሆይ"ን። ጸሎቱ በንባብ ነው፣ ዜማ አይጠይቅም። ዱጋልድ እዚያ ላይ ሲደርስ ያጠራቀመውን ድምፅ ሁሉ ያወጣዋል፤ ኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋ ሰው ካለ ይነቃል። ኢሽቤል በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች፤ እሱ ግን አይቀንስም።

በዚህ ጸሎት ውስጥ እኛ "ዕዳችንን ተውልን" እንላለን። ከድንበሩ በታች ያሉት እንግሊዞች "በደላችንን ይቅር በለን" ይላሉ፤ በቋንቋችን ስንለው ደግሞ የእነሱ ከእኛ ይረዝማል። ስለዚህ አብረን የጸለይን እንደሆነ እኛ ቀድመን ጨርሰን እነሱ እስኪደርሱ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ዱጋልድ በዚያች ዝምታ ውስጥ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። "በደላቸው ይህን ያህል የሚረዝመው ምን ሠርተው ቢሆን ነው?" ይላል ሁልጊዜ፤ እኛም ሁልጊዜ እንስቅለታለን።

እንግሊዞቹ የሚመጡት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በጥንት ዘመን የመነኮሳት ነበር፤ የድንጋይ ጣሪያው ድምፅ አሳምሮ ይመልሳል። ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ የመዘምራን ቡድን ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ የሠርክ ጸሎት ይዘምርበታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ወንዱም ሴቱም ረጅም ጥቁር ቀሚስ ይለብሳሉ፣ ከላዩ ነጭ ይደርቡበታል። አማርጠው የሚልኳቸው መሰለኝ፤ መካከላቸው አንድ አስቀያሚ እንኳ አይገኝም። ዳዊቱን ወዲህና ወዲያ ሲቀባበሉት፣ የማርያምን ጸሎት ሲያነሱ፣ እኛ የብርዱን ወራት ሁሉ ስናቃስትበት ትንፍሽ ያላለው ጣሪያ ለእነሱ ይመልስላቸዋል። እኔ በበኩሌ እቀናለሁ። ጣሪያው የእኛ ነው። ሲያፈስ የምናሠራው እኛ ነን።

ባለፈው ዓመት የመጣውን ቡድን የሚመራው ሚስተር ክሪስፒን የሚባል ቀጭን ረጅም ሰው ነበር። ሰኞ ገና ከመድረሱ ዱጋልድን ጠርቶ "እኛ በሰልፍ ነው የምንገባው፤ መስቀላችን ከፊት ይሆናል" አለው።

"መስቀላችሁ ይግባ፣ ማን ከለከለ" አለ ዱጋልድ። "ከመጽሐፉ በኋላ።"

"የሠርክ ጸሎት ላይ መጽሐፍ ይዞ የሚገባ ሰው እኮ የለም።"

"በእናንተ አገር። እዚህ አለ። እኔ ነኝ።"

መጋቢ ሊንሲ ዱጋልድን ከሚያስቀይሙ ዝናብ ማስቆም ይቀላቸዋል፤ ስለዚህ ዱጋልድ ፊት ሆነ። የዚያን ቀን አረማመዱን እግዚአብሔር ይይለት። አንድ እግሩን አንስቶ ሌላውን እስኪያነሳ ሰው ሻይ አፍልቶ ይጠጣል። ኦርጋን ተጫዋቹ የመግቢያውን ዜማ ጨረሰ፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ጨረሰ፤ ዱጋልድ ገና መካከል ላይ ነበር። ከኋላው እነዚያ ቆንጆ መዘምራን አንዱ የሌላውን ጫማ እየረገጡ ተደራርበዋል። እሱ ግን ፊቱ ላይ ቅድስና እንጂ ሌላ ነገር አይታይበትም።

"ምነው ዱጋልድ፣ እግርህን አመመህ?" አልኩት ሲወጣ።

"መጽሐፉ ይከብዳል" አለኝ።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ነገሩ የተበላሸው ማክሰኞ ነው። ከጸሎቱ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ የምናቀርበው እኔና ኢሽቤል ነን። እንግሊዞቹ የእኔን የአጃ ቂጣ ትተው የኢሽቤልን የዝንጅብል ኬክ ፍርፋሪው ሳይቀር አነሱት፤ እሱን ለጊዜው ተውኩት። ዕቃ እያጠብን ሳለ ኢሽቤል የዕለቱን ዳዊት ታንጎራጉር ጀመር። ሰው ሁሉ የያዘውን ዜማ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለውን ነው። ሚስተር ክሪስፒን ባዶ ሲኒ ሊመልስ መጥቶ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይቅርታ ወይዘሮ፣ እሱን ክፍል ከየት ያውቁታል?"

"የቱን?"

"አሁን የሚያዜሙትን። አልቶውን።"

"ኧረ እኔ ዝም ብዬ ነው" አለች ኢሽቤል፣ እስከ ጆሮዋ ቀልታ።

"አንዲት አልቶአችን ወደብ ላይ አንሸራትቷት ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። መቆም አልቻለችም። ነገ ከእኛ ጋር ቢቆሙልኝ ምን ይመስልዎታል?"

እኔም እዚያው ነበርኩ፣ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ድምፄ የዛገ በር መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለወጉ እንኳ መጠየቅ ምን ይጎዳል?

ኢሽቤል "ባለቤቴን ላማክር" አላለችም። "በስንት ሰዓት ልምጣ?" ነው ያለችው። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይደረድር የነበረው ዱጋልድ አንዱን ወንበር ከእጁ ሲጥለው ሰማሁ።

ረቡዕ ኢሽቤል የተጎዳችውን ሴት ቀሚስ ለብሳ ከመዘምራኑ ጋር ቆመች። ዱጋልድ ብቻውን ተቀመጠ። እጁን በእሷ ቦታ ላይ ዘርግቶ ነበር፣ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት። ስትዘምር አየኋት፤ የማውቃት ሴት አልነበረችም። ወይም የድሮዋ ነበረች፣ እኔ እንጃ። አሥር ዓመት ታናሽ መሰለች፤ ይህ ደግሞ ከእሷ እኩያ ለሆነች ሴት ማየት ደስ አይልም። ዱጋልድ ከንፈሩን ነክሶ ያያታል። እንደ ወትሮው አፉን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

እንግሊዞቹ "አባታችን ሆይ"ንም በዜማ ይሉታል አሉ፤ መጋቢ ሊንሲ ግን ሕዝቡ አብሮ እንዲል ብለው በንባብ እንዲሆን አስማምተዋቸዋል። እዚያ ላይ ሲደርስ ኢሽቤል ከእነሱ ጋር "በደላችንን" አለች። መካከላቸው ቆማ ሌላ ምን ትበል? ዱጋልድ "ዕዳችንን" ብሎ ከእኛ ጋር ጨረሰ፤ ከዚያ በዝምታው ውስጥ የገዛ ሚስቱ የእነዚያን ረጅም ቃል እስክትጨርስ ጠበቃት። የዚያን ቀን ጣሪያውን አላየም። እሷን ነበር የሚያየው።

ሐሙስ ጠዋት መፍቻውን ይዞ ቤቴ መጣ።

"ቧንቧሽ ሲያንጠባጥብ ሰማሁት" አለኝ።

"ቧንቧዬ ደህና ነው።"

"አይደለም" ብሎ ገባና ደህናውን ቧንቧ ይፈታው ጀመር። ዝም አልኩት። ዱጋልድ እጁ ሥራ ካልያዘ ልቡን እንደማያወጣ አውቃለሁ።

"ሰማሽ አይደል?" አለ ከማጠቢያው ሥር ሆኖ።

"ምኑን?"

"ዓሣ ቤት ሰልፍ ላይ ነው እኔ የሰማሁት። ባሏ ሆኜ፣ ዓሣ ቤት! የሚመጣው ሳምንት ማዶ ወዳለው ደሴት ሲሻገሩ አብረሽን ነይ ብሏታል፣ ያ ክሪስፒን። ሳምንቱን ሙሉ። ነገ መልስ ትሰጠዋለች አሉ።"

"አንተን አልጠየቀችህም?"

"መቼ ፊት ሰጥቻት?" አለ። "ትናንት ሾርባው ጨው በዛበት አልኳት። ጨው አልበዛበትም ነበር።"

"በዚያ ቀጭን ሰውዬ ነው እንዴ የምትቀናው?"

ጭንቅላቱን ከማጠቢያው ሥር አወጣ። "በእሱ? በእሱ ቢሆንማ ጥርሱን አራግፌለት እገላገል ነበር።"

"ታዲያ በማን?"

መፍቻውን ሲያገላብጥ ቆየ። "በአልቶው" አለ።

ስቄ ልሞት ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

"አትሳቂ ኤልስፔት። ሰው ቢሆን እጣላዋለሁ። ይህንን ምን ላድርገው? ትናንት አጠገቧ ቆሜ ሦስቴ ጠራኋት፤ እያንጎራጎረች ነበርና አልሰማችኝም። ከሄደች ትመለሳለች፣ እሱን አውቃለሁ። ግን እኔ ዘንድ ተቀምጣ ልቧ እዚያ ይሆናል። እኔ ደግሞ እዚያ መግባት አልችልም። አፌን ከማንቀሳቀስ በቀር ምን አውቃለሁ?"

"ይህንኑ ለእሷ ንገራት።"

"እሷማ አልቶ ላይ ናት" አለኝና መሣሪያውን ሰብስቦ ወጣ። ምክሬ እንዳልጣመው ያወቅኩት በኋላ ነው። ቧንቧዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንጠባጥባል።

ከእኔ ቤት ወጥቶ የሠራውን ሥራ ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ቀጥ ብሎ ሚስተር ክሪስፒን ዘንድ ሄደ። ኢሽቤል ደረቷን እንደሚያማት፣ ሐኪም መዘመር እንደከለከላት፣ እልኸኛ ስለሆነች ለሰው እንደማትናገር ነገረው። በዚያ ዕድሜው! መጽሐፍ ቅዱስ የሚሸከምበትን እጅ እያወራጨ! ክሪስፒንም የዋህ ነውና ደነገጠ፤ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ስትመጣ "ከሁሉም ጤናዎ ይበልጣል፤ ይረፉ" አላት።

"የምን ጤና?"

"ባለቤትዎ ነግረውኛል፤ ስለ ደረትዎ።"

ኢሽቤል ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ እቤቴ ሆኜ ከግድግዳው ወዲያ ጩኸት ጠበቅኩ። ጩኸት የለም። ዝግ ብላ ነበር የምትናገረው፤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ግድ ሆነብኝ።

"እኔን እንደ ቧንቧ ልትዘጋኝ ነው፣ ዱጋልድ?"

"ኢሽቤል፣ እኔ እኮ..."

"በሽተኛ አደረግኸኝ። በሰው ፊት። ብትጠይቀኝ ምን እንደምልህ እንኳ አታውቅም።"

"ምን ትይኝ ነበር?"

"ቀርቷል አሁን።"

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር የለም። ማንጎራጎሩም ቆመ። ዱጋልድ የፈለገውን ዝምታ አገኘ። ከራት በኋላ አስነጠሰው፤ "ይማርህ" ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዓርብ የመጨረሻው ጸሎት ነው። ወሬው ደርሶ ኖሮ ከተማው ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ዳዊት ሊሰማ የመጣው ጥቂቱ ነው። ኢሽቤል ደረቷ ከክሪስፒን ደረት እንደሚሻል በግልጽ አስረድታው ከመዘምራኑ ጋር ተሰለፈች። ዱጋልድ መጽሐፉን አቀፈ። እንደ ሰኞው ይጎተታል ብዬ ስጠብቅ አልተጎተተም። በደንቡ ሄደ፤ ኦርጋኑም አንዴ ተጫውቶ በቃው። መጽሐፉን አኑሮ ወረደ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። እጁን በእሷ ቦታ ላይ አልዘረጋም፤ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ኢሽቤል ወደ እሱ አንዴም አላየችም።

ዘመሩ። እንዴት እንደዘመሩ ልናገር አልፈልግም፤ ለጥቂት ጊዜ ቅናቴን እንኳ ረስቼው ነበር። ጣሪያው ከእነሱ ጋር ነበር፤ ዛሬ ግን መካከላቸው አንዷ የእኛ ናት። ከሥር ከሥር ስሰማት ስለ ዝንጅብል ኬኩ ይቅር ልላት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ "አባታችን ሆይ" ደረሰ።

እኛ "ዕዳችንን" ስንል ከመካከላችን፣ ከዱጋልድ ወንበር፣ ያ የተኛ የሚቀሰቅስ ድምፅ "በደላችንን" አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ቃል ሲያላግጥ የኖረው ዱጋልድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ሞልቶ "በደላችንን ይቅር በለን" አለ። በዚያው ቅጽበት ከእንግሊዞቹ መካከል አንድ ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ "ዕዳችንን" ሲል ሰማሁ። ሚስተር ክሪስፒን ቀና አለ።

ከዚያ ያች የተለመደችው ዝምታ ሆነች። እኛ ጨርሰን ጠበቅን። ኢሽቤልም ከእኛ ጋር ጨርሳ፣ በጥቁር ቀሚሷ ዝም ብላ ቆማ ጠበቀች። ዱጋልድ ከእኛ ወገን ብቻውን ከእንግሊዞቹ ጋር እየተጎተተ ረጅሙን ቃል ይወጣዋል። ኢሽቤል ከትናንቱ ጠብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረች፤ እስኪጨርስም ድረስ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

በሻዩ ሰዓት ባዶ ሲኒ ይዞ ወጥ ቤት መጣ። ኢሽቤል እያጠበች ነበር። እኔም ነበርኩ፤ "ውጪልን" ያለኝ ሰው ስለሌለ አልወጣሁም።

"ዛሬ ተሳሳትክ" አለችው፣ ፊቷን ሳታዞር።

"አንቺም ተሳሳትሽ።"

"እኔ ለምዶብኝ ነው። ድምፅህን ስሰማ አጠገቤ ያለህ መሰለኝና አመለጠኝ።"

"እኔ ግን አልተሳሳትኩም" አለ ዱጋልድ።

እጇ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። እኔ አንድ የደረቀ ሳህን ደግሜ ደጋግሜ አደርቅ ነበር።

"አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ነው" አለች። "ሳምንት ነው። ሻንጣዬ ይከብዳል።"

"ቅናቱ አልለቀቀኝም፣ ኢሽቤል። አሁንም ያንገበግበኛል።"

"ስለ ቅናትህ አልጠየቅኩህም። ሻንጣዬን ትይዝልኛለህ ወይስ አትይዝልኝም?"

ቅዳሜ ጠዋት በመስኮቴ አየኋቸው። ዱጋልድ ጥቁር ሱፉን ለብሷል። ሻንጣውን በእጀታው አንጠልጥሎ አልነበረም የሚሄደው፤ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎታል። ከፊት ከፊት፣ እንደዚያ ሰኞ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ሌላውን እስኪያነሳ ሰው ሻይ አፍልቶ ይጠጣል። ኢሽቤል ከኋላው ናት፣ አትቀድመውም። መዘምራኑ በአውቶቡሱ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይስቃሉ። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ።

"ዱጋልድ፣ ያመልጠኛል እኮ!" አለች ኢሽቤል።

"ይከብዳል" አላት።